የግልጧ ልብስ

እርጥብ ሸራ ከሸተተኝ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ላይ፣ ከምሠራበት ስፌት ቤት ፊት ለፊት አንድ የጭነት መኪና ቆመና ሾፌሩ ዝናብ የመታውን ሸራ አውርዶ አስፋልቱ ላይ ዘረጋው። ሽታው በመስኮት ገባ፤ ትንሽ ናፍጣ፣ ትንሽ ሻጋታ። አንዲት ደንበኛ ስለ ቀሚሷ እጅጌ እያስረዳችኝ ነበር። እጄን ሳየው የራሴን ሽርጥ ጠርዝ ይዤ ክሩን እየመዘዝኩ ግማሹን ፈትቼዋለሁ። "ደህና ነሽ?" አለችኝ። ደህና ነኝ አልኳት። ደህና ግን አልነበርኩም፤ ሐይቅ ከተማ ነበርኩ፣ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ጉልበቴ ላይ የአያ ይመር መኪና ልብስ ተዘርግቶ ነበር።

አያ ይመር የእናቴ አጎት ነበሩ። በወጣትነታቸው ደሴ ላይ መካኒክ ሆነው ሲሠሩ፣ መንገድ ሊሠራ መጥቶ የነበረ አንድ ጣልያን ወደ አገሩ ሲመለስ ትንሿን ፊያት ትቶላቸው ሄደ። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር ናት፤ ጣራዋ ደግሞ ጨርቅ ሆኖ ወደኋላ ይታጠፋል። የሐይቅ ሰው ጣራው የሚገለጥ መኪና ምን እንደሚባል ስላላወቀ "ግልጧ" አላት፣ በዚያው ቀረ። የሰፈራችን አሮጊቶች በግቢው ባለፉ ቁጥር "ይመር፣ ኧረ ይችን ልጅ ሻሽ አልብሳት" ይሏቸዋል። አያ ሳይስቁ "ሙሽራ ናት፣ ፀጉሯ ይታይ" ብለው ይመልሳሉ። ሚስታቸውን ያመጡት በእሷ ነበር፤ ጣራዋን ገልጠው፣ በሐይቁ ዳር ዳር፣ በአቧራው መሃል። ሙሽራዋ ቤት ስትደርስ ነጭ ልብሷ ቡናማ ሆኖ ነበር ይባላል። እኔ ስደርስ ሚስታቸው ሞተዋል። ለአያ የቀረቻቸው አንዲት ልጅ ሉባባ ናት፤ እሷም ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር።

ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ አያ ሬዲዮናቸውን ይዘው ግልጧ ውስጥ ይቀመጡ ነበር። እስረኛ ተፈታ፣ ድንበር ተከፈተ በተባለ ቁጥር ክላክስ ይነፋሉ። እኔ ለውጥ ማለት ግልጧ ትነሳለች ማለት ይመስለኝ ነበር። ሉባባ በስልክ "አባ፣ አገሩ ከተስተካከለ እመጣለሁ፤ እዚያው አገባለሁ" ብላቸዋለች፤ እሳቸውም "በእናትሽ መኪና ነው የምወስድሽ፣ ወላሂ" ብለው ምለዋል። ሞተሩን አወረዱ፣ በናፍጣ አጠቡ፣ መልሰው ገጠሙ። ከዚያ በሰሜን በኩል ጦርነቱ ተነሳ። አያ ሬዲዮውን ዜናው መሃል ላይ ያጠፉታል፣ ሁለት ጊዜ ግቢውን ዞረው መጥተው ይከፍቱታል፣ ደግሞ ያጠፉታል። ክላክሱን መንፋት ተዉ።

የማወራው ክረምት ሲገባ የግልጧ ጣራ ጨርቅ ከነአካቴው ተተረተረ። ወንበሯ ላይ ውሃ ቋጠረ፣ አንድ ቀን እንቁራሪት ተገኘባት። እኔ እንቁራሪቷን ወድጃት ነበር፤ አያ ግን ሊያለቅሱ ደረሱ። እናቴ በረንዳችን ላይ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ ጃንጥላቸውን እንደያዙ መጥተው ቆሙ።

"ጦይባ፣ ልብስ ስፊላት" አሉ።

"ለማን?"

"ለግልጧ። ሉባባ መስከረም ሲጠባ ትመጣለች። እስከዚያ ከበሰበሰች በምን ልወስዳት ነው?"

"አያ፣ እኔ የተማሪ ልብስ ነው የምሰፋው።"

"ተማሪ ታህላለች እኮ። ነይ ለኪያት።"

እናቴ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ሄደች። ሰው እንደምትለካ ነው የለካቻት፤ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ እያለች ትጠራልኛለች፣ እኔ በደብተሬ ጀርባ እጽፋለሁ። ከዚያ አሮጌ ጋዜጣ በሊጥ አጣብቀን መኪናዋ ላይ አነጠፍንና በሳሙና ስባሪ መስመር አሰመርን። ዝናብ ሳይመጣ ለመጨረስ ስንሯሯጥ አያ ከኋላችን እየተከተሉ "ጆሮዋን እንዳትረሱ" ይላሉ። ጆሮ የሚሉት የጎን መስታወቷን ነው።

ሸራው ከውጫሌ መጣ። ጋሽ አበራ የሚባሉ የአያ የጥንት ጓደኛ ነበሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን በጭነት መኪናቸው የግሸን ማርያም ተሳላሚ ሲያመላልሱ ኖረው፣ መኪናዋን ሲሸጡ ሸራዋን አስቀርተዋታል። ሚኒባስ ጣራ ላይ አስጭነው መጡና መሬት ላይ ጣሏት።

"ስንት ተሳላሚ ያስጠለለች ሸራ ናት" አሉ ጋሽ አበራ። "ለእስላም መኪና ልስጣት?"

"መኪናዋ መቼ እስላም ሆነች፣ ጣልያን ነው የሠራት" አሉ አያ። "አንተ ስጥ ብቻ፣ ጣጣውን እዚያ ላይ ያሉት ይጨርሱ።"

ሸራው ለስፌት መኪና አልመች አለ። ሁለት መርፌ ከተሰበረ በኋላ እናቴ ተናደደችና በእጅ ጀመርን፤ እሷ በወስፌ ትበሳለች፣ እኔ በጆንያ መርፌ ሲባጎ አሳልፋለሁ። እኔን ደግሞ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ጭንቅ ነው። ሦስት ስፌት ሰፍቼ ውሃ እጠጣለሁ፣ ሁለት ሰፍቼ መንገዱን አያለሁ። ወታደር የጫነ መኪና ወደ ሰሜን ባለፈ ቁጥር እነሳለሁ። "ቂጥሽ ላይ እሾህ አለ?" ትለኛለች እናቴ። እሷም ግን ስልኳን በየደቂቃው ታነሳ ነበር፤ ያ ክረምት ማንንም ቁጭ አላሰኘም።

ሸራው ተገጣጥሞ ሲያልቅ እናቴ በመዳፏ ዳበሰችው። "ይሄ እኮ ቀለሟን ይፍቀዋል፤ ውስጡ ለስላሳ ገበር ይፈልጋል" አለች። አያ ወዲያው ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አወጡ። "ሣጥኔ ውስጥ ሉባባ የላከችው ነጭ አንሶላ አለ። እኔ በነጭ አንሶላ ምን እሠራለሁ? ዘሀራ ሄዳ ታምጣው" አሉ ወደ እኔ እያዩ።

በማግስቱ እናቴ አርዲቦ በኩል ለቅሶ ሄደች። እኔ ቁልፉን ይዤ የአያን የቆርቆሮ ሣጥን ከአልጋው ሥር ጎትቼ ከፈትኩ። ከላይ ዓረብኛ የተጻፈበት ፌስታል ነበር፤ በውስጡ ሦስት ሰፋፊ ነጭ ጨርቅ ተጣጥፏል። ሽታው ልዩ ነው፤ ሽቶ ይመስላል፣ መድኃኒትም ይመስላል። የጅዳ ሽታ ነው አልኩ። አንሶላ የሚያውቅ ልጅ ይህን ይለያል ትሉኝ ይሆናል። እኛ ቤት ያለው አንሶላ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ባለ አበባ ናቸው። ደግሞስ ሦስት ሆኖ ሲገኝ ምን ልበል? አንዱ ለፊቷ፣ አንዱ ለመሃሏ፣ አንዱ ለኋላዋ። ከፌስታሉ ሥር ምን እንዳለ እንኳ አላየሁም።

እናቴን ላስደንቃት ፈለግኩ። ያን ቀን፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ማዕዘኖቹን በጋዜጣው ልክ አጠፍኩና በመቀስ ክብ አድርጌ ቆረጥኳቸው፤ የመሃሉን ደግሞ ለጆሮዋ ጎንና ጎኑን ሸነተርኩት። ነጭ ክር አልቆ ነበር። የዩኒፎርሙ ሰማያዊ ክር ግን ሞልቷል፤ በእሱ ሰፋሁ። እናቴ ሁልጊዜ "ስፌትሽ ይላላል" ስለምትለኝ ደርቤ፣ አጥብቄ፣ አንድ መስመር ላይ ሁለቴ እየተመላለስኩ ሰፋሁት።

እናቴ ስትመጣ ሸራውን ገልብጬ ውስጡን አሳየኋት። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ተንበረከከችና እንደገና አሸተተች።

"ይሄን ከየት አመጣሽው?"

"ከሣጥኑ። አንሶላው ነው።"

"ፌስታል ውስጥ ነበር?"

"አዎ።"

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። "ዘሀራ፣ ይሄ የአያ ከፈን ነው" አለችኝ። ሉባባ ዑምራ ሄዳ፣ ከላቧ ላይ ቆጥባ የገዛችው፣ በተባረከው የዘምዘም ውሃ አጥባ፣ እዚያው አድርቃ፣ በሚመለስ ሰው እጅ የላከችላቸው። አያ ሲሞቱ የሚለብሱት። ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቃል። ሲነገር እኔ የት እንደነበርኩ እንጃ፤ መቼም ቁጭ ብዬ የሰማሁት ነገር የለም።

"እንፍታውና እንመልሰው" አልኳት እያለቀስኩ።

"ተቆርጧል እኮ። ይሄን ተሸንትሮ ቢያዩት ልባቸው ይሰበራል።" ትንሽ አሰበች። "አብሽሪ። ሉባባ ስትመጣ ሌላ ታመጣላቸዋለች፣ በስልክ እነግራታለሁ። እሱ እጃቸው ሲገባ ያኔ ተንበርክከን አፉ በሉን እንላለን። እስከዚያ አፍሽን ያዥ።"

በነጋታው ከሐይቅ ገበያ አቡጀዲ ገዝታ፣ አጥባ፣ እንደነበረው አጣጥፋ ፌስታሉ ውስጥ ከተተችው። እኔ ወስጄ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከሥሩ ያለውን አንሶላም ያኔ አየሁት፤ ጠርዙ ላይ ጥልፍ አለው፣ ፌስታል ውስጥ አይደለም፣ ምንም አይሸትም። በጥፊ ብመታ ይሻለኝ ነበር።

አሁን እንግዲህ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አትሳቁብኝ። ሉባባ ስትደውል ደጋግማ የምትጠራው ቃል ነበር፤ ኢቃማ። የመኖሪያ ወረቀት ነው። ኢቃማ ያልነበራትን ጓደኛዋን ከመንገድ ይዘው እንደመለሷት፣ እሷ ግን ሁልጊዜ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ እንደምትወጣ ታወራለች። እኔ ነገሩን የተረዳሁት በዚህ ነው። ከፈን የወዲያኛው ዓለም ኢቃማ ነው፤ በዘምዘም የታጠበው የታደሰው ነው። አያ በገበያ አቡጀዲ ተጠቅልለው በሩ ላይ ሲደርሱ ዘበኛው ያሸታቸዋል። "ይሄ ከሐይቅ ገበያ ነው፣ ይመለሱ" ይላቸዋል። ወዴት ነው የሚመለሱት?

ስለዚህ አያ እንዳይሞቱ መጠበቅ ጀመርኩ። ሲያስሉ እሮጣለሁ፣ ሲያስነጥሱ እሮጣለሁ። ስኳር ስላለባቸው "ኪኒንዎን ዋጡ?" እያልኩ አደርቃቸዋለሁ። "ጦይባ፣ ይች ልጅ ምን ሆናለች? ልትቀብረኝ ቸኮለች እንዴ?" ይሏታል። እናቴ መቀሷን ፍለጋ ታቀረቅራለች።

ልብሱ ግን አምሮባት ነበር። ስናለብሳት ጋሽ አበራ ሳይቀሩ መጡ። በትከሻዋ ልክ፣ በጆሮዋ ልክ ቁጭ አለ፤ ከሥር በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ጠፍረን አሰርነው። አያ ዙሪያዋን ዞሩ፣ ጫፉን ገልጠው ውስጡን በእጃቸው ጀርባ ዳበሱት። "ለስላሳ ነው። ሉባባ ዕቃ ታውቃለች" አሉና መለሱት።

ከግሸን ክብረ በዓል በፊት ባለው ወር መንገዱ በእግረኛ ሞላ። ሰው ሁሉ ጓዙን በራሱ ተሸክሟል። ለእናቴ "ተሳላሚዎቹ ዘንድሮ ቸኮሉ" አልኳት። እናቴ መርፌውን አፏ ላይ እንደያዘች አየችኝ። "ግሸን ወዴት ነው?" አለችኝ። በእጄ ወደ ውጫሌ አሳየኋት። "እነዚህስ ወዴት ናቸው?" ወደ ደሴ። ያኔ ነው ፍራሹን ያየሁት፤ ሰው ግሸን ፍራሽ ይዞ አይሄድም። ከወልዲያና ከመርሳ፣ ከዚያም ማዶ የተፈናቀሉ ነበሩ። ትምህርት ቤታችን መጠለያ ሆነ፤ የኔ ክፍል ውስጥ፣ የኔ ዴስክ ላይ ልብስ ተሰጣ።

እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወደ ትምህርት ቤቱ ምግብ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን ባዶ ድስት ይዛ አያ ቤት ገባችና በሩ ላይ ቆመች።

"አንድ ሽማግሌ አርፈዋል። ነጭ ጨርቅ ሱቁ ሁሉ አልቋል ይላሉ" አለች።

"ዘመድ የላቸውም?" አሉ አያ።

"አንዲት ልጅ ብቻ። ሴት ናት።"

አያ ተነሱ። ሣጥኑን ጎተቱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ለእኔም ለእናቴም እኩል ነው የገባን። ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀና አሉ።

"አያ፣ ይቆይ። እሱ የሉባባ ነው። ከሌላ ቦታ ይፈለጋል" አለች እናቴ።

"ሰውዬው ይቆያሉ?"

አያ ፌስታሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። "ሽታው ጠፍቷል" አሉ። "ወይ አፍንጫዬ አርጅቷል።" ከዚያ ጫማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቁ በጭቃው ላይ ራሳቸው ይዘውት ሄዱ።

ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። በልተው የማያውቁ ያህል በሉ። እኔን ጠርተው ስለ ሚስታቸው ሠርግ አወሩልኝ። እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ተምታታብኝ። ሽማግሌው በገበያ አቡጀዲ ሄዱ። አያ ባዶ እጃቸውን የቀሩ ይመስላቸዋል። ትክክለኛው ከፈን ግቢ ውስጥ መኪናዋን አልብሶ ዝናብ ይመታዋል፤ እዚህ ይሄን የምናውቅ እኔና እናቴ ብቻ ነን።

መስከረም ጠባ፣ ሉባባ አልመጣችም። ትንሽ ቆይቶ የስልክ መስመርም ጠፋ። አያ ስልካቸውን ይዘው ወደ ሐይቁ በኩል ይወጣሉ፣ ወደ ላይ ከፍ ያደርጉታል፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። ጋሽ አበራ ከውጫሌ አንድ ብርድ ልብስና የቤታቸውን ቁልፍ ይዘው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች የለበሰችው ግልጧ አጠገብ በርጩማ ላይ ይውላሉ። ብዙ አያወሩም። ከውጫሌ በኩል ሲያጓራ ነጎድጓድ ነው ይሉኛል፤ ሰማዩ ላይ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም።

ከተማው ወደ ደሴ ተነቅሎ ሲወጣ ጋሽ አበራ "በግልጧ እንሂድ" አሉ።

"ሁለት ወንበር ናት" አሉ አያ። "አራት ነን። ማንን ትቼ ነው የምሄደው?"

እናቴን "አንች ልጅሽን ይዘሽ ሂጅ" አሏት። እናቴም እሳቸውን ጥላ እንደማትሄድ ነገረቻቸው። ተቆጧት። እሷም ተቆጣች። ቀረን።

የስኳሩ ኪኒን ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ መድኃኒት ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞረች፤ ሁሉም ዝግ ነበሩ። አያ ውሃ በውሃ ላይ ይጠጣሉ፣ አፋቸው ይደርቃል፣ እግራቸው ከበዳቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋቸው ላይ ሆነው "ዘሀራ፣ ልብሷን ነፋስ እንዳይገልጠው እይልኝ" አሉኝ። አይቼ ተመለስኩ። መቆም አቃተኝ፣ መቀመጥም አቃተኝ።

"አያ።"

"እ።"

"ከፈንዎ አልሄደም።"

ዓይናቸውን ገለጡ።

"የዘምዘሙ መኪናዋ ላይ ነው። ገበሩ እሱ ነው። አንሶላ መስሎኝ እኔ ነኝ የሰፋሁት። አፉ በሉኝ።"

ከዘራቸው አልጋው ሥር ነበር። በከዘራው ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ታዲያ ለዚያ ሰውዬ የሰጠሁት ምንድን ነው?"

"አቡጀዲ።"

"ከየት የመጣ?"

"ከዚሁ ከገበያ። እማዬ ገዝታ።"

"በሜትር የሚቆረጠው?"

"አዎ።"

አያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነበር፣ ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ። "እኔ ደግሞ ትልቅ ነገር የሰጠሁ መስሎኝ ስኮራ ከረምኩ" አሉ። "አላህ እኮ ያውቅ ነበር። ይመርን ተዉት፣ ይኩራ ብሎ ዝም አለኝ።" ሳላቸው ሲበርድ የመካኒክ ዓይናቸውን ጣሉብኝ። "በነጠላ ነው የሰፋሽው ወይስ ደርበሽ?"

"በነጠላ" አልኳቸው። ለምን እንደዋሸሁ አላውቅም። ደስ እንዲላቸው ይመስለኛል።

"አልሃምዱሊላህ። ለመፍታት አይከብድም። ስትፈቺ ጨርቁን እንዳትቀጂው። ተቀምጠሽ ፍቺ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፉ። እናቴ ጩኸቷን በነጠላዋ አፈነችው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ላይ ማን እንዳለ አይታወቅም። ከከተማው ካልወጡት መሃል የመስጊዳችን ሸህና ሁለት ጎረቤቶች መጡ። ሸሁ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "መንገዱ ጸጥ ሲል ፈጥነን ማድረስ አለብን። ከፈን አለ?" ብለው ጠየቁ። እናቴ እኔን አየች። "አለ" አለች።

ጋሽ አበራ ላስቲኩን ፈቱና የግልጧን ልብስ አወለቁላት። በረንዳው ላይ ገልብጠን ዘረጋነው። እናቴ ምላጭ ይዛ አንዱን ስፌት በጠሰች፤ ጨርቁ ንቅንቅ አላለም። አስጠግታ አየችው።

"ደርበሽ ነው የሰፋሽው?"

"አዎ።"

ምላጩን ለሁለት ሰብራ ግማሹን ሰጠችኝ። ጋሽ አበራ ተንበርክከው ሸራቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው ያዙልን፤ እንባቸው ሸራው ላይ ይንጠባጠባል፣ እጃቸውን ለቀው ግን አይጠርጉትም። አያ ውስጥ እየታጠቡ ነው፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ያን ሁሉ ክረምት ሦስት ስፌት ሳልጨርስ የምነሳው ልጅ አልተነሳሁም። ምላጩ ጨርቁን እንዳይነካው ክሩን በጥርሴ መያዝ ጀመርኩ። አፍንጫዬ ጨርቁ ላይ ነው፤ እርጥብ ሸራ፣ የሞተር ዘይት፣ ከሥሩ ደግሞ ያ የጅዳ ሽታ፣ ደክሞ ግን አለ። አልጠፋም ነበር። ይሄን ለአያ ልነግራቸው ብዬ ከአፌ መለስኩት።

የፊቷን ጨረስን፣ የኋላዋን ጨረስን። የመሃሉ አስቸገረ፤ ለጆሮዋ የሸነተርኩበት ቦታ ላይ እንዳይተረተር ብዬ ሦስቴ ተመላልሼበታለሁ። ሸሁ ወጥተው ቆሙ። እናቴ ክብ የተቆረጠውን ማዕዘንና ሽንትሩን አሳየቻቸውና "ይሆናል ወይ?" አለቻቸው። "ይሆናል፣ ሰውነታቸውን ከሸፈነ ይሆናል። ብቻ ቶሎ" አሉ። ከመንገዱ ላይ የመኪና ድምፅ መጣና አለፈ።

"ትንሽ ክር ቀርቷል" አልኩ።

"በቃ ልጄ፣ ስጭኝ" አሉ ሸሁ።

ሽንትሩ ጫፍ ላይ ነበር። የጣቴን አንድ አንጓ የምታህል ሰማያዊ ክር፣ ደርቤ ያጠበቅኳት። ምላጩን አስጠጋሁ፣ ጨርቁን ብቀደውስ ብዬ ተውኩት። ሦስቱንም አጣጥፌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ጋሽ አበራ ባዶ ሸራቸውን አንስተው መኪናዋ ላይ መለሱት፤ ያለ ገበሩ ላላባት፣ ጆሮዋ ጋ ተንጠለጠለ።

ወንዶቹ አያን ይዘው በጓሮ በኩል ወጡ። እኔ በረንዳው ላይ ሰማያዊ ክር በክር ሆኜ ቀረሁ። ያኔ የፈራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ያችን ክር አይቶ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲላቸው፣ አያ ዘሀራ በነጠላ ሰፋሁ ብላኝ ነበር ይሉታል። ውሸቴን የሚያውቁት ያኔ ነው። አሁን እንደዚያ አይደለም እላለሁ፤ ትልቅ ሰው ነኝ። እርጥብ ሸራ ሲሸተኝ ግን እጄ አይሰማኝም፣ ተነስቶ ክሯን ይፈልጋል።